ልኬት ከመጋዝ ይቀድማል፦ ጊታር መጠገንና መሥራት ለሚወዱ

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ በጊታር ብቻ የተጫወተ ዜማ። ለጥቂት ሰኮንዶች ጎላ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል።)

የዛሬው ርእሳችን በትርፍ ጊዜ ጊታር መጠገንና ጊታር መሥራት ነው። ምናልባት እናንተም ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ቁም ሣጥን ጀርባ የተቀመጠ፣ ክሩ ከአንገቱ ርቆ ጣት የሚያቆስል አንድ ጊታር ይኖር ይሆናል። «ተበላሽቷል» ተብሎ ከተተወ ቆይቷል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በእርግጥ ተበላሽቷል? ወይስ እስከ ዛሬ የለካው ሰው የለም?

ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ጊታርን ጥሩ የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ትክክለኛ ልኬትና ትዕግሥት ነው፤ ውድ እንጨትና የተደበቀ ምስጢር የሚባሉት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ሥራውን በትርፍ ጊዜው ሊማረው ይችላል። ግን በሥርዓት ነው። ሥርዓቱን በሁለት አጭር ምክሮች ልጠቅልለው። አንደኛ፣ ከመንካታችሁ በፊት ለኩ። ሁለተኛ፣ ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻለውን ሥራ አስቀድሙ። እነዚህን ሁለቱን ደጋግሜ ስለማነሣቸው ከወዲሁ በአእምሯችሁ ያዙልኝ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ልንገራችሁ።

(አጭር የጊታር ዜማ)

መጀመሪያ «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚለውን አስተያየት እንመልከት። ይህ አስተያየት የዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ በምትገኘው ማርክኖይኪርሸን በምትባል የሳክሶኒ ከተማ፣ የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበርና የአናጢዎች ማኅበር በጊታር ምክንያት ተጣልተው ነበር። ቫዮሊን ሠሪዎቹ «ጊታር መሥራት የእኛ መብት ነው፤ አናጢዎች እጃቸውን ይሰብስቡ» ይሉ ነበር። ከአናጢዎቹ ወገን የነበረው አንዱ ቤተሰብ የማርቲን ቤተሰብ ነው። ከዚያ ቤተሰብ የተወለደው ክርስቲያን ፍሬደሪክ ማርቲን በ1833 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። እሱ ያቋቋመው የጊታር ድርጅት ዛሬም በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ናዝሬት በምትባል ከተማ እየሠራ ነው። ያን ጊዜ ጊታር እንዳይሠሩ ሊከለከሉ ከነበሩት አናጢዎች መካከል፣ በዓለም ላይ እጅግ የታወቁ ጊታሮችን የሠራ ሰው ወጣ ማለት ነው።

ሌላ ማስረጃ ላክል። ሊዮ ፌንደር በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ጊታር መጫወት አያውቅም፤ በሕይወቱም አልተማረም። ነገር ግን ጠጋኝ ነበርና አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ዕቃ ሲበላሽ እንዴት ይፈታል? በ1950 ያወጣውና በኋላ ቴሌካስተር ተብሎ የታወቀው የኤሌክትሪክ ጊታር አንገቱ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን ነው። አንገቱ ቢጣመም አራቱን ብሎን ፈትቶ ማስተካከል ወይም መለወጥ ይቻላል። ዛሬ ቤታቸው ሆነው ጊታር የሚጠግኑ ሰዎች ሥራቸው የቀለለላቸው፣ ያ ጊታር መጀመሪያውኑ በጠጋኝ ዓይን ታይቶ ስለተሠራ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ርእሳችን የሚቀርብ ነው። ክዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ፣ በ1963 ገና ተማሪ ሳለ፣ ከአባቱ ከሃሮልድ ጋር ሆኖ የራሱን የኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት ጀመረ። ሱቅ የሚሸጠውን ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። የአንገቱን እንጨት ያገኙት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ክፈፍ ነው። ክር የሚያረግበውን መሣሪያ የሠሩት በሞተር ብስክሌት ስፕሪንግ፣ በአንገቱ ላይ የሚታዩትን ነጥቦች ደግሞ ከእናቱ የስፌት ዕቃ በተገኘ ቁልፍ ነው። ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ያን ጊታር ሜይ በክዊን ዘመኑ ሁሉ ዋና መሣሪያው አድርጎ ተጫወተበት።

«አባትየው እኮ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበር» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ነበር። እኔም ዕውቀት አያስፈልግም አላልኩም። ያልኩት ዕውቀቱ በር የተዘጋበት አይደለም ነው። አባትና ልጅ አስልተው፣ ለክተው፣ ሞክረው፣ ያልሆነውን ጥለው እንደገና ሠሩ። የሙያ ማኅበር አባል አልነበሩም፤ ትልቅ ወርክሾፕም አልነበራቸውም። የነበራቸው ጊዜ፣ የእጅ መሣሪያና ቸኩሎ ላለመቁረጥ የሚያስችል ትዕግሥት ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ይልና ይቆማል)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። «እሺ፣ ሰውየው ይማር፤ ግን ውዱን እንጨት ከየት ያመጣል? የጊታር ድምፅ እኮ ከእንጨቱ ነው» ይባላል። ይህን የሚፈትን ሙከራ ከ160 ዓመት በፊት ተደርጓል። አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የስፔን ጊታር ሠሪ ነው፤ ዛሬ ክላሲካል ጊታር የምንለውን መሣሪያ ቅርጽ በማስያዝ የእሱን ያህል የሚጠቀስ ሰው የለም። ቶሬስ በ1862 አንድ ጊታር ሲሠራ የፊት ገበታውን እንደ ወትሮው ከእንጨት አደረገ። ጎኑንና ጀርባውን ግን ከወረቀት ሠራው። አዎ፣ በሙጫ ከተያያዘ ወረቀት! ሊያሳይ የፈለገው ነገር ግልጽ ነበር፤ ድምፁን በዋናነት የሚወስነው የፊት ገበታው ነው፤ እሱም ምን ያህል እንደሳሳና ከውስጥ እንዴት እንደተደገፈ ነው።

በእኛ ዘመንም በ2018 በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመዋል። ስድስት ጊታሮች በአንድ ሠሪ እጅ፣ በአንድ ንድፍ ተሠሩ። የተለያዩት በጎናቸውና በጀርባቸው እንጨት ብቻ ነበር። አንዳንዱ እንጨት እጅግ ውድና ብርቅ፣ አንዳንዱ ርካሽ ነው። ከዚያ 52 ጊታሪስቶች እንጨቱን ማየት በማይችሉበት ሁኔታ፣ የብየዳ መነጽር አድርገው፣ በደብዛዛ ብርሃን ተጫወቱባቸው። ውጤቱስ? ለጊታሮቹ የሰጡት ደረጃ በጣም ተቀራራቢ ሆነ፤ ውዱን ከርካሹ መለየትም ተቸገሩ።

ከዚህ ተነሥተን «እንጨት ምንም ለውጥ አያመጣም» ብንል ግን እናጋንናለን። ቶሬስ ራሱ የፊት ገበታውን በወረቀት አልሠራውም። ጥናቱም ስለ ጀርባና ጎን እንጂ ስለ ፊት ገበታ አይናገርም። የፊት ገበታ ቀላልም ጠንካራም መሆን አለበት፤ የደረቀና ቃጫው ቀጥ ያለ እንጨት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ስፕሩስና ሴዳር የሚባሉት የጥድ ዘመድ የሆኑ ቀላል እንጨቶች የሚመረጡት። ስለዚህ ድምዳሜያችን ልከኛ ይሁን፤ ጀማሪ ሰው ለጀርባና ለጎን ብርቅ እንጨት ስላላገኘ ሥራውን የሚተውበት ምክንያት የለም። አገር ውስጥ ያለ፣ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ለእጅ ልምምድ በቂ ነው።

(አጭር ቆምታ)

እንጨቱ ይህን ያህል ካልወሰነ ታዲያ የሚወስነው ምንድን ነው? እስቲ ጊታርንና ክራርን ጎን ለጎን እናስባቸው። ሁለቱም ክር አላቸው፤ ሁለቱም የክሩን ንዝረት የሚያጎላ አካል አላቸው። ነገር ግን ክራር ላይ ፍሬት የለም። ክራር ሠሪ ክሩን ይወጥራል፤ ተጫዋቹ በጆሮው ይቃኘዋል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ጊታር ላይ ግን በአንገቱ ላይ የተቀበሩት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ማለትም ፍሬቶቹ፣ ድምፁን አስቀድመው ወስነውታል። ፍሬቱ አለቦታው ከገባ ክሩን ምንም ያህል ብትቃኙት ጊታሩ ልክ አይመጣም። ጊታር ከክራር ይልቅ የልኬት ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የፍሬቱ ቦታ እንዴት ይገኛል? የሥነ ፈለኩ ሊቅ የጋሊሊዮ አባት፣ ሙዚቀኛው ቪንቼንዞ ጋሊሌይ በ1581 ሉት ለሚባለው ባለ ፍሬት የክር መሣሪያ የሚሆን ቀላል ዘዴ ጽፎ ነበር። የክሩን ርዝመት ለ18 አካፍሉ፤ የተገኘው የመጀመሪያው ፍሬት ርቀት ነው። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ18 አካፍሉ፤ ሁለተኛው ፍሬት ይገኛል። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ። ዘዴው ጥሩ ቢሆንም ጥቂት ያጎድላል፤ 12ኛው ፍሬት ክሩን እኩል ለሁለት መክፈል ሲገባው ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይስታል። ስለዚህ የዛሬ ሠሪዎች በ18 ፈንታ 17.817 በሚባል ቁጥር ያካፍላሉ። ስልካችሁ ላይ ያለው ማስያ ይበቃል። ክሩ 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከላይኛው የክር መነሻ 36 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ያርፋል። ዋናው ማረጋገጫ ግን 12ኛው ፍሬት ነው፤ ከክሩ እኩሌታ ላይ፣ ማለትም 325 ላይ መገኘት አለበት። እዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሳት ጥሩ ጆሮ የሚይዘው ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ኃይል ነው። በብረት ክር የተወጠረ ስድስት ክር ያለው ጊታር በክሮቹ ድምር ወደ 70 ኪሎ ግራም የሚሆን ጉተታ ይሸከማል። የፊት ገበታው ውፍረት ደግሞ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የናይሎን ክር ጉተታ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል፤ 40 ኪሎ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ስህተት አለ፤ ለናይሎን በተሠራ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር መግጠም። ውጤቱ ምን ይሆናል? ክሩ የሚታሰርበት ብሪጅ ቀስ በቀስ ይነሣል፤ የፊት ገበታውም ያብጣል። እንግዲህ ጊታራችሁ ለየትኛው ክር እንደተሠራ አረጋግጡ። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ብዙ ጊታር የሚያድን የመጀመሪያ ጥገና ነው።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

እስካሁን ያልነውን እንያዝ። ሙያው ለማኅበር አባል ብቻ የተዘጋ አይደለም። የእንጨት ብርቅነት የሚባለውን ያህል አይወስንም። የሚወስኑት ልኬትና የኃይል ሚዛን ናቸው። እሺ፣ አሁን ያ የተተወ ጊታር እጃችን ላይ ነው እንበል። ምን እናድርግ? ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም፤ እኛም ጊታሩን ሳንመረምር ካቻቢቴ አናነሣም። መጀመሪያ አዲስ ክር ግጠሙ፤ በትክክል ቃኙት፤ የሚቀጥለውም ልኬት ሁሉ በተቃኘ ጊታር ላይ ይደረግ። የረገበ ክር አንገቱን ስለማይጎትተው የምታገኙት ልኬት ያሳስታችኋል።

አሁን አንገቱን ተመልከቱ። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑት። የተወጠረው ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነላችሁ ማለት ነው። መሐል ላይ፣ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ምን ያህል ክፍተት አለ? የአንድ አድራሻ ካርድ ውፍረት ያህል ብታዩ ደኅና ነው። ከዚያ በጣም ከበዛ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል። ምንም ክፍተት ከሌለ ወይ ፈጽሞ ቀጥ ብሏል፣ ወይ ወደ ኋላ ጎብጧል፤ ያን ጊዜ ክሩ በታችኛዎቹ ፍሬቶች ላይ ይንጫጫል።

ብዙ የብረት ክር ጊታሮች ይህን ለማስተካከል በአንገታቸው ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አላቸው። ጊብሰን የተባለው ፋብሪካ ይህን ሥራ ላይ ያዋለው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ገብቶ ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ሲላላ ክሩ ወደ ፊት እንዲጎትተው ይለቀዋል። እዚህ ላይ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን አባባል አስቡ። በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፤ እንደገና ቃኙ፤ እንደገና ለኩ። አልዞር ካለ አታስገድዱት፤ ለባለሙያ ስጡት። ክላሲካል ጊታር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዘንግ የለውምና ፍለጋ አትድከሙ።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ክሩ ከፍታ እንመጣለን። 12ኛው ፍሬት ላይ ማስመሪያ አቁሙና ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ያለውን ለኩ። በብረት ክር ጊታር ወፍራሙ ክር ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ የተለመደ ነው፤ በክላሲካል ጊታር አራት ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ በእጅጉ ከፍ ያለ ከሆነ ጣት የሚያቆስለው እሱ ነው። ክሩ ብሪጁ ላይ የሚያርፍባትን ቀጭን ድጋፍ፣ ሳድል የምትባለውን፣ በማሳነስ ይስተካከላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ለማውረድ ሳድሏን ሁለት ሚሊ ሜትር ማሳነስ ያስፈልጋል። የምትሞርዱት ከሥሯ ነው፤ አናቷ ለክሩ የተበጀ ቅርጽ ስላለው አይነካም። የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝታችሁ በእርጋታ ፈትጓት።

ቆይ ግን፣ ሳድል መሞረድ የሚመለስ ሥራ ነው? የተሞረደ አጥንት አይመለስም። መፍትሔው አሮጌዋን ሳድል ሳትነኩ ማስቀመጥና በእሷ ልክ አዲስ መሥራት ነው። የቆየው የሠሪዎች ልማድ ሳድልንና የላይኛውን የክር መነሻ ከከብት አጥንት መሥራት ነው፤ ይህ ደግሞ በአገራችን ከየትኛውም ሥጋ ቤት የሚገኝ ነገር ነው። ቅባቱ በደንብ ወጥቶ የደረቀ የእግር አጥንት በመጋዝና በሞረድ ቅርጽ ይይዛል። ባይሳካ የጠፋው የአጥንት ቁራጭ ነው፤ ጊታሩ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ምክራችን በተግባር ይህን ይመስላል፤ ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻለውን አስቀድሙ።

(አጭር የጊታር ዜማ)

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ የብልሽት ምንጭ አለ፤ አየሩ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተረውም በቃጫው አግድም ነው። በበጋ ወራት በደጋ አገር የጊታር ፍሬት ጫፍ እጅ መቧጨር ቢጀምር ብረቱ አድጎ አይደለም፤ እንጨቱ ተኮማትሮ ነው። በክረምት ደግሞ የፊት ገበታው ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ለምትሰሙን፣ የቤት ማሞቂያ ክፍሉን ያደርቀዋል፤ በዱባይና በሪያድ ለምትሰሙን ደግሞ ከማቀዝቀዣው አጠገብ የተቀመጠ ጊታር ተመሳሳይ ጣጣ ይገጥመዋል። ሠሪዎች የሚመክሩት የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። እርጥበት መለኪያ ርካሽ ዕቃ ነው። በደረቅ ወቅት የተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጎ ከጊታሩ ጋር ማኅደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ብዙ ስንጥቅ ይከላከላል።

ስለ ሙጫም አንድ ነገር ልበል። ክፍት የሆነ ስንጥቅ ወይም የተነሣ ብሪጅ ስታዩ እጃችሁ ወደ ሱፐር ግሉ ይሮጣል። አቁሙት። የጥንት ጊታር ሠሪዎች ከእንስሳ ቆዳ የሚፈላ ሙጫ ይጠቀሙ ነበር፤ ያ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ የሚቀጥለው ጠጋኝ ክፍሉን ሳይሰብር መፍታት ይችላል። አለቦታው የፈሰሰ ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ግን ቀጣዩን ጥገና በጣም ከባድ ያደርገዋል። የተለመደው ነጭ የእንጨት ኮላ ለብዙ ሥራ ይሆናል፤ ነገር ግን አሮጌው ሙጫ ተጠርጎ ንጹሕ እንጨት ከንጹሕ እንጨት መገናኘት አለበት፤ እስኪደርቅም በሞርሳ ተይዞ ሌሊቱን ያድራል።

(ቆምታ)

አሁን ተቃውሞዎችን በተራ እንመልስ። አንደኛ፣ «መሣሪያው ውድ ነው» ይባላል። ሁሉን በአንድ ቀን ለሚገዛ ውድ ነው። እስካሁን ለዘረዘርኩት ሥራ ግን ማስመሪያ፣ ካቻቢቴ፣ መፍቻ፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ሞርሳና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃሉ። የፍሬት መዶሻና ልዩ ሞረዶች የሚያስፈልጉት በኋላ ነው፤ ያኔም ሥራው ሲጠይቃቸው አንድ በአንድ ይገዛሉ።

ሁለተኛ፣ «ጀማሪ ጊታር ያበላሻል» ይባላል። ትክክለኛ ስጋት ነው፤ መልሱም የት መጀመር እንዳለብን ማወቅ ነው። የመጀመሪያው የልምምድ ጊታር ርካሽና የተተወ ይሁን። ከአባት የተወረሰ፣ ያረጀ፣ ዋጋው የማይታወቅ ጊታር ላይ መማር አይገባም። አንገቱ ከአካሉ የተላቀቀ ወይም የአንገቱ ራስ የተሰበረ ጥሩ ጊታርም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ድንበሩን ማወቅ የጥበቡ አንድ ክፍል ነው።

ሦስተኛ፣ «የጠጋኞችን እንጀራ ይዘጋል» የሚሉ አሉ። እኔ በተቃራኒው አስባለሁ። የጊታሩን ሕመም የት እንደሆነ የሚያውቅ ደንበኛ ለባለሙያው ጥሩ ደንበኛ ነው፤ ሥራው ለምን ጊዜ እንደፈጀ ይረዳል፤ የሚገባውንም ዋጋ ሳያቅማማ ይከፍላል። የፍሬት ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አንድ ጊዜ ሞክሮ ያየ ሰው የባለሙያን እጅ አይንቅም።

አራተኛ፣ «ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ይረክሳል፤ ለምን ልድከም?» ይባላል። በገንዘብ ብቻ ከሆነ እውነት ነው። የመጀመሪያ ጊታሩን የሚሠራ ሰው በገንዘብ እምብዛም አያተርፍም። የሚያተርፈው ዕውቀቱን ነው። ክር ለምን እንደሚንጫጫ፣ ድምፅ ለምን እንደሚስት፣ እንጨት ለምን እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ይህ ዕውቀት የሚገዛውን ጊታር በትክክል እንዲመርጥ፣ ያለውንም ለብዙ ዓመታት እንዲጠብቅ ያደርገዋል። በዕቃ መጣል ፈንታ ዕቃ መጠገን የሚለምድ እጅ ደግሞ ጥቅሙ ከጊታር ያልፋል።

ስለ ደኅንነት አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር አለ። የእንጨት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ስትሞርዱ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ቫርኒሽ ስትቀቡ መስኮት ክፈቱ። ክር ስትቆርጡ አስቀድማችሁ አርግቡት፤ የተወጠረ ክር ዓይን ሊመታ ይችላል። የኤሌክትሪክ ጊታር ውስጥ ያለውን ሽቦ፣ ጊታሩን ከማጉያው ነቅላችሁ፣ በካውያ መበየድ ትችላላችሁ። የድምፅ ማጉያውን ግን፣ በተለይ አምፖል ያለውን የጥንቱን ዓይነት፣ አትክፈቱ! ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ሰው የሚገድል ኃይል በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

መሥራትስ መቼ ይጀመር? መልሴ፣ ቢያንስ አንድ ጊታር ከላይ ባልነው ቅደም ተከተል አስተካክላችሁ ስታበቁ ነው። ከዚያም አንገቱ በብሎን ከሚያያዝና አካሉ ወጥ እንጨት ከሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ጀምሩ። ቀጭን እንጨት በሙቀት ማጠፍም ሆነ ገበታውን ከውስጥ በድጋፍ መደገፍ አይጠይቅም። ፍሬት የተገጠመለት ዝግጁ አንገት ብታገኙ ደግሞ ከባዱ ልኬት ተሠርቶላችኋል፤ የእናንተ ድርሻ ብሪጁን በትክክለኛው ርቀት ማስቀመጥ ይሆናል። አንገት የማይገኝ ከሆነ በክራር መጀመርም መልካም መንገድ ነው፤ ፍሬት ስለሌለው የእንጨት ሥራውንና የክር ውጥረቱን ያለ ስሌት ጭንቀት ያስተምራችኋል።

እስቲ ያልነውን እንከልስ። ጊታር ሲበላሽ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? እንለካለን። ከሁለት ሥራዎች የቱን እናስቀድማለን? መመለስ የሚቻለውን። ቅደም ተከተሉስ? አዲስ ክር፣ ቅኝት፣ አንገት፣ ከዚያ ከፍታ። የሳምንቱ የቤት ሥራችሁም ይህ ይሁን። ቤት ያለውን ጊታር አውርዱ፤ ለናይሎን ወይም ለብረት ክር የተሠራ መሆኑን እወቁ፤ ቃኙት፤ የአንገቱን ክፍተትና የ12ኛውን ፍሬት ከፍታ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉ። ለዚህ ሳምንት ምንም አትሞርዱ፤ ምንም አትፍቱ። የተጻፈው ልኬት ጊታሩ በእርግጥ መጠገን ያስፈልገው እንደሆነና ጥገናው ከእናንተ አቅም በታች ወይም በላይ መሆኑን ይነግራችኋል። ብዙዎቻችሁ «ተበላሸ» የተባለው ጊታር የፈለገው አዲስ ክርና የአንገት ማስተካከያ ብቻ እንደነበር ትደርሱበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)